አፍንጫው የልጅ፣ ኪራዩ የወላጅ

የዛሬው ወጋችን ስለ አፍንጫ ነው። የማንም አፍንጫ አይደለም፤ በ2021 መኸር ላይ (ቀኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው፣ አትቀየሙን) አራተኛ ክፍል የገባው የታናሽ ወንድማችን የማሙሽ አፍንጫ ነው። በዚህች ትንሽ አፍንጫ ውስጥ በየሳምንቱ ጥጥ ይግባ ወይስ አይግባ በሚል ጥያቄ ቤታችን ሦስት ወር ሙሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የአገር ቤት ፖለቲካ እንኳ እንዲህ አላከራከረንም፤ ያውም በዚያ ዓመት!

ሰፈራችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ፤ ከዋሽንግተን ዲሲ የምትለየው አንዲት መንገድ ብቻ ናት። እንጀራ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የሚሸጥበት አካባቢ ስለሆነ ሐበሻ መብዛቱን መናገር አያስፈልገንም። እኛ ማለት የቤቱ ትልልቆቹ ልጆች ነን፣ ሁለት ነን። ኮሌጅ እየተመላለስን የቤቱን ደብዳቤ የምናነብ፣ ስልክ የምናነሳ፣ ፎርም የምንሞላ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ሥራው ደመወዝ እንደሌለው ታውቃላችሁ።

ፎርሙ የመጣው በሴፕቴምበር ነው። «ልጅዎ የሕመም ምልክት ባይኖረውም በትምህርት ቤት የኮሮና ምርመራ እንዲደረግለት ይፈቅዳሉ?» ነው ጭብጡ። በአማርኛም ተተርጉሞ ነበር። በዚህ በኩል ዲሲም ሜሪላንድም አይታሙም፤ ዲሲ እንዲያውም ከ2004 ጀምሮ የመንግሥት ወረቀት ለነዋሪው በቋንቋው እንዲደርሰው የሚያዝ ሕግ አላት፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። አባዬ የአማርኛውን ወረቀት መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እስቲ እንግሊዝኛውን አምጡት፤ አማርኛው አልገባኝም» አለን።

እንግሊዝኛውን አንብበን ነገርነው። ሲገባው ደግሞ ባሰ።

«ልጁ ታሟል?»

«አልታመመም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉለት ነው የሚመረምሩት? ይሄማ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው!»

እማዬ ከወጥ ቤት ሆና፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ መለሰች። ተረት በተረት ሲመለስ ቤታችን ውስጥ ጉዳዩ በአንድ ምሽት እንደማያልቅ እናውቃለን። ፎርሙ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፎ ከረመ።

መቼም ነገሩ ሩቅ የሆነባችሁ ካላችሁ ትንሽ እናስታውሳችሁ። ኮሮና በበሽተኛው ላይ ምልክት ሳያሳይ ወደ ሌላው መተላለፍ ይችላል፤ ልጆች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የታመመውን ብቻ እየመረመሩ ትምህርት ቤት ማስተማር አይቻልም፣ ጤነኛ የመሰለውንም በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል ተባለ። በማርች 2021 የአሜሪካ መንግሥት ለትምህርት ቤት ምርመራ ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ አንድ ሆኖ አሠራሩ ግን እንደየከተማው ነበር። ሎስ አንጀለስ አስገዳጅ አደረገችው፤ የተከተበም ያልተከተበም ተማሪ በየሳምንቱ ይመረመራል፣ አልመረመርም ያለ ቤቱ ሆኖ ይማራል። ኒውዮርክ ወላጆቻቸው ከፈረሙላቸው ያልተከተቡ ልጆች መካከል በዕጣ 10 በመቶውን እያወጣች መረመረች። ዲሲ መጀመሪያ የወላጅ ፊርማ ትጠይቅ ነበር፤ ፈራሚ ሲያንስባት ነገሩን ገለበጠችውና «አይሆንም ያላለ ወላጅ እሺ እንዳለ ይቆጠራል» አለች። (ዝም ማለት «እሺ» ነው ወይስ «እንጃ»? ይህን ከአንድ ሐበሻ ወላጅ ጋር ቁጭ ብሎ የተከራከረ ሰው አልነበረም መሰለን።) እንግሊዝ ደግሞ ከማርች 8፣ 2021 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ በሳምንት ሁለቴ እንዲመረመሩ አደረገች፣ በፈቃዳቸው። የማሙሽ ትምህርት ቤት ከፈራሚዎቹ ወገን ነበር። ፊርማ ከሌለ ጥጥ የለም።

በዚያ ሰሞን ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ወላጆችን ሁለት ቦታ መድቦ ጨርሷል። ምርመራ የሚፈቅድ ሳይንስ የሚያምን፣ የማይፈቅድ በሴራ ወሬ የሰከረ። እውነት ለመናገር በእኛ ቤት ይህ ምደባ አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። አባዬ የሴራ ወሬ አይወድም፤ ክትባቱን ገና ለዕድሜው በተፈቀደ ሳምንት ተሰልፎ ነው የወሰደው። እማዬም ፈረንጅ ያለውን ሁሉ የምታምን ሴት አይደለችም። የሚለያያቸው ሥራቸው ነበር።

እማዬ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። በ2020 ጸደይ የሆነውን እሷ ራሷ እስካሁን በወጉ አታወራውም። በሜሪላንድ በዚያን ጊዜ ከሞቱት ብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ቤቶች የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በየቀኑ ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ስም የምታውቅላቸው ሰዎች አልጋ ባዶ ሆኖ ይጠብቃት ነበር። ጫማዋን ደጅ ላይ አውልቃ፣ ልብሷን ጋራዥ ውስጥ ቀይራ ነበር የምትገባው፤ ለብዙ ሳምንት ማሙሽን አላቀፈችውም። በኋላ መንግሥት የእነዚህ ቤቶች ሠራተኞች በሽታው በአካባቢው በበረታ ቁጥር እስከ ሳምንት ሁለቴ እንዲመረመሩ አዘዘ። ለእማዬ ጥጧ እንደ መታወቂያ ባጅ ሆነች፤ እሷን ሳታሳይ አትገባም። «እኔ ተመርምሬ ገብቼ፣ ልጄ ሳይመረመር ከትምህርት ቤት ይዞልኝ ቢመጣስ? ለእነዚያ አሮጊቶች የማደርሰው እኔ አይደለሁም?» ነው ክርክሯ። ስለ ማሙሽ ጤና አይደለም ጭንቀቷ፤ ማሙሽ ድልድይ እንዳይሆን ነው።

አባዬ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው። በ2020 ኤርፖርቱ ባዶ ሲሆን የእሱም ገቢ ባዶ ሆነ። በ2021 ሰው መብረር ሲጀምር ገና ቀና ማለቱ ነበር። እንግዲህ የእሱን ሂሳብ ስሙት። ማሙሽ ይመረመራል። ፖዘቲቭ ይባላል። ትምህርት ቤቱ ደውሎ «አሁኑኑ መጥታችሁ ውሰዱት» ይላል። በጊዜው በነበረው መመሪያ ልጁ 10 ቀን ቤቱ ይቀመጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን አይቀመጥም። እማዬ ከቀረች ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ ያላት የሕመም ፈቃድ ሕግ አለ፤ በየ30 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት ይጠራቀማል፣ ግን አሠሪው በዓመት 40 ሰዓት ላይ ሊያቆመው ይችላል። 40 ሰዓት አምስት ቀን ነው። አሥር ቀን አይደለም። እሱንም በበጋው ታማ ግማሹን ጨርሳዋለች። አባዬ ከቀረ ደግሞ የሚከፍለው ማንም የለም፤ የታክሲው ኪስት ግን ይቆጥራል፣ ኢንሹራንሱም ይቆጥራል፣ የቤት ኪራዩም በወሩ መጀመሪያ ላይ ከተፍ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በ2020 የአሜሪካ ኮንግረስ በኮሮና ምክንያት ቤት ለሚቀር ሠራተኛ የሁለት ሳምንት ክፍያ የሚያስገኝ ሕግ አውጥቶ ነበር። ትልልቆቹን ድርጅቶች አይነካም፣ ቀዳዳው ብዙ ነው፣ ይሁንና ነበር። ግዴታነቱ ያበቃው ዲሴምበር 31፣ 2020 ነው። ለራሱ ለሚሠራ ሰው በታክስ ጊዜ የሚታሰብ ማካካሻ ትንሽ ተራዝሞ እሱም ሴፕቴምበር 30፣ 2021 ላይ ተዘጋ። ልጆቹ በሙሉ ወደ ክፍል የተመለሱትና ፎርሙ ፍሪጃችን ላይ የተለጠፈው ደግሞ በዚያው ሴፕቴምበር ነው። በአጭሩ፣ ቤት ተቀመጡ የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ ቤት ለተቀመጠ የሚከፍለው ሕግ ሄዷል። አባዬ የሕጉን ስም አያውቅም፤ መሄዱን ግን በሚገባ ያውቃል።

ስለዚህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲል ቀልድ አልነበረም። ብድሩ እውነተኛ ብድር ነው።

እኛ ከማን ጋር ነበርን? ከእማዬ ጋር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሴት አያቱ ጋር የሚኖር ስንት ልጅ አለ፣ የነርቭ መድኃኒት የምትወስድ መምህርት አለች፣ የአባዬ ሂሳብ ውስጥ እነዚህ ሰዎች አልገቡም። ይህንን ነገርነው። «ገብተዋል» አለ፣ «ግን የእነሱን ኪራይም እኔ ልክፈል?» መልስ አልነበረንም። አሁንም ያለን አይመስለንም።

ሌላም ጥያቄ ነበረው፤ ይህኛው እንዲያውም የተማረ ሰው ጥያቄ ነው። «ያልታመመን ልጅ 'አለብህ' ሲሉት እውነት መሆኑን በምን ያውቃሉ?» እስቲ እንዲህ አስቡት፦ 1,000 ልጆች አሉ፣ ከእነሱ አምስቱ ብቻ ተይዘዋል እንበል። ምርመራው ከመቶ ጤነኛ አንዱን በስህተት «አለብህ» የሚል ዓይነት ቢሆን አሥር ያህል ጤነኛ ልጆች ከአምስቱ ጋር ተደባልቀው ወደ ቤት ይላካሉ። በሽታው ሲበዛ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ሲያንስ ግን ከተያዘው ይልቅ ያልተያዘው ይበዛል ማለት ነው። ለዚህ ነው ፈጣኑ ምርመራ «አለ» ሲል በፒሲአር ይረጋገጥ ይባል የነበረው። ፒሲአርም የራሱ ጣጣ አለው፤ የቫይረሱን ቁራጭ ለሳምንታት ስለሚያገኝ፣ ሲዲሲ አንዴ የተያዘን ሰው ምልክት ከሌለው ለ90 ቀን በዚህ አትመርምሩት ይል ነበር። ይህን ሁሉ ስናስረዳው አባዬ ዝም ብሎ ሰማንና፣ «ታዲያ ይሄ ፎርሙ ላይ የት አለ?» አለ። አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ። ይህንን የነገረን በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሳንጠይቀው።

አባዬ የመጣው በዲቪ ነው፣ በ2004። የዚያን ጊዜ ዲቪ የደረሰው ሰው ሁሉ ለኢሚግሬሽን የተመደበ ክሊኒክ ሄዶ መመርመር ነበረበት፤ ደረቱን በራጅ፣ ደሙን ለኤችአይቪ። ዕድሜው 15 ከሞላ ማንም አይቀርለትም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው ደንብ ከ1987 ጀምሮ ቆይቶ የተነሣው ጃንዋሪ 4፣ 2010 ነው። አብሮት ዲቪ የደረሰው አንድ የሰፈሩ ልጅ ነበር። አብረው ፎርም ሞሉ፣ አብረው ፎቶ ተነሡ፣ አብረው ደም ሰጡ። ልጁ አልጋውን፣ ቴፑን፣ ሁሉን ሸጦ ጨርሶ ነበር፤ የሽኝት በግ እንኳ ታስቦለታል። ውጤቱ መጣ። አባዬ እዚህ አለ። የዚያን ልጅ ስም እናታችን ፊት እንኳ አይጠራም።

«ጤነኛ ነበር እኮ» አለን። «ኳስ ይጫወት ነበር። ባይመረመር...» ብሎ ተወው።

እኛ የተወለድንበት ጊዜ ስለሆነ ልናስታውሰው ባንችልም፣ በአማርኛ «ቫይረስ» የሚለው ቃል ለሃያ ዓመት ያህል አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሬዲዮው «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖቻችን» ይላል፤ የትኛው ቫይረስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ፖዘቲቭ» ማለት ያ ነው። «ተመረመርክ?» ማለት ያ ነው። ለሠርግ የተመርማሪ ወረቀት፣ ለአሜሪካ የተመርማሪ ወረቀት፣ ዓረብ አገር ለሚሄዱት እህቶቻችንም የተመርማሪ ወረቀት። ወረቀቱን ያመጣ ያልፋል፤ ያላመጣ እንደወጣ ይቀራል፣ ስሙም አብሮት ይቀራል። እንግዲህ የዚህ ትውልድ ሰው ፊት አንድ ፎርም አስቀምጣችሁ «ልጅዎን ለቫይረስ በየሳምንቱ እንመርምርልዎ?» በሉት። ፎርሙን ያረቀቀው ሰው ስለ አንድ ጥጥ ነው የሚያስበው። ፈራሚው ስለ በር ነው የሚያስበው፤ ስለሚዘጋ በር።

ያኔ ወረቀት ገና ያልያዙ ሰዎችም ሌላ ፍርሃት ነበራቸው። የመንግሥትን ነገር የነካ ግሪን ካርድ አያገኝም የሚለው ደንብ በፌብሩዋሪ 2020 ጠብቆ ወጥቶ ነበር። ኢሚግሬሽን ራሱ ወር ሳይሞላው የኮሮና ምርመራና ሕክምና ከዚህ አይቆጠርም ብሎ አስታወቀ፤ ደንቡም ማርች 2021 ላይ ተሽሮ ቀረ። ነገር ግን ደንብ ሲወጣ በአውሮፕላን ነው የሚደርሰን፣ ሲሻር በእግሩ ነው የሚመጣው። በ2021 መገባደጃ ላይም «ኧረ ተዉ፣ ስማችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል» የሚል ምክር በየቡናው ይሰማ ነበር።

ቡና ካነሣን አይቀር፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የሰማነውን ጥቂቱን እናካፍላችሁ። አንዲት እትዬ፣ «እኔስ ፈርሜያለሁ፤ የልጁን አፍንጫ ከሐኪም በላይ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ይዩለት» አሉ፤ የልጅ ልጃቸው አስም አለበት። አንድ ጋሼ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በየልጁ ጭንቅላት ገንዘብ ይቀበላል ብለው ሙጭጭ አሉ። (ለምርመራው ገንዘብ መመደቡ እውነት ነው፤ ጋሼ ግን እሳቸውም ድርሻ እንዳላቸው ነበር የሚያወሩት።) ሦስተኛዋ፣ ወጣት እናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የተናገረችው ግን ከሁሉም በላይ አልረሳንም። ልጇ ክፍል ውስጥ ሳለ በር ተንኳኩቶ ስሟ ተጠራ። ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ ተባለች። ምክንያቱን የነገራት ባይኖርም ክፍሉ ሁሉ አውቋል። በሚቀጥለው ሳምንት የልደት ጥሪ ላይ ያቺ ልጅ አልተጠራችም። «ሁለተኛ አልፈርምም» አለች እናትየዋ። ማንም አልተከራከራትም።

ይህን ሁሉ ስንሰማ አንድ ነገር በእጃችን ነበረ። ፊርማው በኢንተርኔት ነው። የአባዬን ኢሜይል የከፈትንለት እኛ፣ ፓስወርዱን የምናውቀው እኛ፣ እስከዚያን ቀን ድረስ የጉብኝቱንም የምሳውንም የመጽሐፉንም ፎርም በስሙ የጠቀጠቅነው እኛው ነን። አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር የቀረው። እማዬም ፈቅዳለች፤ የአንድ ወላጅ ፊርማ ይበቃል ይላል ወረቀቱ። አንድ ማታ ገጹን ከፍተን ብዙ ተቀመጥን። ዘጋነው። ሌላው ፎርም ሁሉ የማሙሽን ቀን ነበር የሚነካው፤ ይህኛው የአባዬን ሌሊት ይነካል። እማዬም፣ ስንነግራት፣ «እንዲህማ አይደረግም። አባታችሁ እሺ ይበል» አለች። ሃያ ምናምን ዓመት የቆየ ትዳር እንዲህ ነው መሰለን።

ኖቬምበር ላይ የወላጆች ስብሰባ በዙም ተጠራ። አባዬ ታክሲው ውስጥ ሆኖ፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ገባ። እኛ ከቤት ሆነን ልናስተረጉም ገባን። የትምህርት ቤቷ ነርስ ጥሩ ሰው ናት፣ ትዕግሥቷ አያልቅም፣ ምርመራው እንደማያም፣ ጥጡ ከአፍንጫው ደጃፍ እንደማያልፍ በሥዕል አስረዳች። ጥያቄ ያለው ሲባል አባዬ እጁን አወጣ።

«ልጄ ቢገኝበት እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

ተረጎምነው። ነርሷ መለሰች፦ ይደወልልዎታል፣ መጥተው ይወስዱታል፣ አሥር ቀን ቤት ያቆዩታል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይመረመራል።

አባዬ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ሰማና፣ «እሱማ እኔ የማደርገው ነው» አለ። «እናንተ ምን ታደርጋላችሁ ነው ያልኩት።»

ይህንንም ተረጎምነው፤ አንዲት ቃል ሳናለሰልስ። ዙም ላይ ዝምታ ሲወርድ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የአንዱ ቤት ውሻ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ በስፓኒሽ የምትናገር አንዲት እናት ማይኳን ከፍታ በአስተርጓሚዋ በኩል «የእኔም ጥያቄ እሱ ነው» አለች። አንድ ቬትናማዊ አባት አውራ ጣቱን አሳየ። ነርሷ ትንሽ ቆይታ፣ ለአሥር ቀኑ የቤት ሥራና ላፕቶፕ እንደሚላክ፣ ምሳ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከደጅ እንደሚሰጥ ተናገረች። ለሥራ የምትቀሩበትን ግን እኔ ልመልሰው የምችለው አይደለም አለች። እኛ በበኩላችን ይህን መልስ አከበርንላት። ቢያንስ አልዋሸችም።

በዲሴምበር ነገሩ ዞረ። ከዚያ ቀደም በእንግሊዝ 201 ትምህርት ቤቶች ላይ አንድ ጥናት ተሠርቶ ነበር። በሽተኛ አጠገብ የተቀመጠን ልጅ ለአሥር ቀን ቤት ከመላክ ይልቅ በየቀኑ እየመረመሩ ክፍል ውስጥ ቢያቆዩትስ? የኦክስፎርድ ሰዎች ያገኙት መልስ፣ የበሽታው መተላለፍ በሁለቱም አሠራር ተቀራራቢ መሆኑን ነው። ማሳቹሴትስና ሌሎችም ይህንኑ ሞከሩ፤ ዲሴምበር 17፣ 2021 ሲዲሲም ደገፈው። የማሙሽ ትምህርት ቤትም አዲስ ወረቀት ላከ። ትርጉሙ ባጭሩ፦ ከፈረማችሁ፣ ከጎኑ የተቀመጠ ልጅ ሲያመው ልጃችሁ እየተመረመረ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ካልፈረማችሁ ቤት ይቀመጣል።

አባዬ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። «ይኸውላችሁ! ይሄንን ከመጀመሪያው ቢሉ ምን ነበረበት?» አለና እዚያው ፈረመ፣ በራሱ ጣት።

ልብ አድርጉ፤ ጥጧ ያችው ጥጥ ናት። አፍንጫው ያው አፍንጫ ነው። ቫይረሱም እንዲያውም በዚያው ሳምንት በኦሚክሮን ብሶ ነበር። የተለወጠው ውጤቱን ተከትሎ የሚመጣው ነገር ነው። ሦስት ወር ሙሉ በሥዕል፣ በቪዲዮ፣ በአማርኛ የማይመስል አማርኛ ሊያሳምኑት የሞከሩትን ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አሳመነው፤ ምክንያቱም ምርመራው ልጁን ከክፍል ማውጫ ከመሆን ወደ ክፍል ማቆያ ዞረ።

ጃንዋሪ 2022ን ታስታውሱታላችሁ። በጃንዋሪ 3 ዋሽንግተንና አካባቢዋ በረዶ ተቀበረች። ዲሲ ከገና ዕረፍት የሚመለስ ተማሪ ሁሉ «የለብኝም» የሚል ውጤት በኢንተርኔት ሳያስገባ እንዳይገባ አዝዛ ስለነበር፣ ወላጁ በበረዶ ውስጥ የመመርመሪያ ሳጥን ፍለጋ ወጥቷል። በእኛ በኩልም ሳጥን ታደለ። ያንን ማታ አባዬ መጀመሪያ የራሱን አፍንጫ አሸና፣ «ይኸው፣ አላመመኝም» ብሎ ለማሙሽ አሳየው። ቀጥሎ የማሙሽን። አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛዋ መስመር ብቅ አለች። ደማቅ ነበረች።

ማሙሽ ሳል እንኳ አልነበረበትም። ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ ያየ ሰው የለም። ትምህርት ቤቱ ገና ሊከፈት ነው፣ ወሩም ገና መጀመሩ ነው፣ ኪራይ ተከፍሎ የቀረ ብዙ የለም። እማዬና አባዬ ተያዩ። ማንም ምንም ሳይል አባዬ ስልኩን ሰጠንና፣ «ፎቶ አንሡና ላኩላቸው» አለን።

«እርግጠኛ ነህ አባዬ?»

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

ሲዲሲ በዲሴምበር 27 ለብቻ የመቀመጫውን ጊዜ ከአሥር ቀን ወደ አምስት ዝቅ አድርጎት ስለነበር በአሥሩ ፈንታ አምስት ቀን ሆነ፤ ከዚያ አምስት ቀን ደግሞ በማስክ። አባዬ አምስቱን ቀን ከማሙሽ ጋር ዳማ ሲጫወት ዋለ፣ ተሸነፈም። እማዬ አዳራሹ ውስጥ ያገኘናቸው እትዬ ቤት ሄዳ አደረች፣ ሥራዋ ጋ ይዛ እንዳትሄድ። በር ላይ ሽሮና ድፎ ዳቦ እያስቀመጡ ደውለው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። አባዬ ለሚደውልለት ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ «ማሙሽ ኮሮና ይዞት ነው» ይል ነበር፤ ጮክ ብሎ። በፌብሩዋሪ ግን ኪራዩን በሁለት ጊዜ ከፈልን፣ ባለቤቱ ፈቅዶልን። የታክሲው ኪስት አንድ ወር አለፈ፤ ቅጣቱ 45 ዶላር ነበር፣ ደረሰኙን እኛ ነን ያስቀመጥነው።

የዘወትሩ ምርመራ በዚያው ዓመት እየላላ ሄዶ፣ ኦገስት 2022 ላይ ሲዲሲ ምልክት የሌላቸውን ተማሪዎች መመርመርን ከምክሩ አወጣው። ማሙሽ በኋላ እንደነገረን ቀኑን የሚያስታውሰው ስቲከር መስጠት በማቆማቸው ነው።

ከታደሉት ሳጥኖች ሁለቱ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ ቀርተዋል። ላያቸው ላይ የታተመው ቀን ካለፈ ቆይቷል። አንዴ ልንጥላቸው ስንል እማዬ ከእጃችን ቀማችን፤ ፋብሪካው ቀኑን አራዝሞታል ይላሉ፣ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ እዩልኝ አለች። አየንላት። እውነትም አንድ ጊዜ ተራዝሞ ነበር፤ እሱም አልፏል። መልሳ አስቀመጠቻቸው።